ሁለት ስልክ፣ አንድ እግር

በሞባይል ቤቱ ማንም በስሙ አይጠራውም። ባለሱቁ አንድ ቀን በቀልድ «ሚዛን» አለው፣ ደንበኞች ተቀበሉት፣ ውሎ አድሮም ሚስቱ ሳትቀር ሲያናድዳት «አንተ ሚዛን!» ማለት ጀመረች። ቅጽል ስሙ የወጣለት ስልክ ስለሚሸጥ አይደለም፤ ስልክ ሻጭማ ሞልቷል። ሰው ገብቶ «ከሁለቱ የቱ ይሻላል?» ሲለው እንደ ሌላው ሻጭ ጣቱን ወደ ውዱ ስለማይቀስር ነው። መጀመሪያ «ለምን ጉዳይ?» ይላል። ከዚያ ሁለቱን ስልኮች ከመስታወቱ ሥር ያወጣል፣ ከመሳቢያው ደግሞ አንዲት ቁራጭ እንጨት።

ስለዚህች እንጨት ትንሽ ላብራራ፤ ተራ ብትመስልም ብልሃቷ ግሩም ነው። ራሱ በመጋዝ ጎን ለጎን ሁለት ስንጥቅ አውጥቶባታል። በእያንዳንዱ ስንጥቅ አንድ ስልክ ይቆማል። ሁለቱም በእኩል ከፍታ፣ ከእኩል ርቀት፣ አንድ ነገር ያያሉ። እንዲህ ካልሆነስ? አንዱን ስልክ በእጅህ ይዘህ ታነሳለህ፤ ሌላውን እስክታወጣ እጅህ ይዛነፋል፣ ሳታውቀው ትጠጋለህ፣ ፀሐይዋን ደመና ይሸፍናታል። ኋላ ፎቶዎቹን አስተያይተህ «ይሄኛው ይበልጣል» ስትል ያወዳደርከው ስልኮቹን ሳይሆን ደመናውን ነው። የሚዛን ሕግ አንዲት ናት፤ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ይናገራታል። «ሁለት ነገር ስታወዳድር፣ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ይሁን።»

አምፖል ሥር ነጭ ወረቀት ዘርግቶ ያነሳል፤ ነጩን ወደ ቢጫ ያጋደለው ስልክ ወዲያው ይታወቃል። መብራት የሌለውን ደረጃ ያነሳል። ከዚያ ወደ ዕለት ተዕለቱ ይሻገራል። ከሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መልእክት ይልካል፣ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ከፍቶ ይተዋቸዋል፣ ጫጫታ መሃል ገብቶ ይደውላል፤ ቆይቶም ልጇን አተኩሶት እንደሆነ እንደምታይ እናት መዳፉን በጀርባቸው ላይ ያሳርፋል። የጋለውን ስልክ «ይሄ ሥራ ሲበዛበት ይነጫነጫል» ይለዋል።

ከሁሉ የከበደችው ፈተና ግን ልብስ ሰፊዋ ናት። ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ጀርባዋን ለትልቁ መስኮት ሰጥታ ትሰፋለች። ከኋላው ብርሃን ያጥለቀለቀው ሰው ለካሜራ መከራ ነው፤ ሰማዩ ይደምቅና ፊቱ ከሰል ይሆናል። አንድ ጠዋት አንድ መምህር ስልክ ሊገዛ መጥቶ፣ ልቡ በጥቁሩና በሰማያዊው መካከል ሲዋልል፣ ሚዛን እንጨቷን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

«ዛሬም እኔው ነኝ?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በከንፈሮቿ የያዘቻቸውን ስፒሎች ሳታወጣ።

«አንቺን የመሰለ መፈተኛ ከየት ይገኛል?»

«መፈተኛ ብሎ ሙገሳ! በል ቶሎ በል፣ ባለቀሚሷ ሳትመጣ መጨረስ አለብኝ።»

ሁለቱን ፎቶ አሳያት። በጥቁሩ ስልክ ፊቷ ወለል ብሏል፣ ቆዳዋ ለስልሷል፣ መስኮቱም ከነሰማዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በሰማያዊው ግማሽ ፊቷ ጨለም ብሏል፤ ከዓይኗ ጥግ የሚነሱት መስመሮች፣ ፀጉሯ ላይ የተሰካው ብጣሽ ክር ሳይቀር አሉ።

«በዚህኛው አምሬያለሁ፤ በዚያኛው እኔን መስያለሁ» አለች።

«የቱን ትገዢያለሽ?» አላት መምህሩ።

«ይሄ ምን ይጠየቃል? እኔን መምሰልማ በነጻ ነው፤ ቤት መስታወት አለኝ። ገንዘብ የማወጣው ለማማር ነው።»

መምህሩ እየሳቀ ጥቁሩን ገዛ። ሚዛን ግን ነገሯን ያዛት። ከዚያ ወዲህ ካሜራን ሁሉ በሁለት ይመድበው ጀመር። አሳምሮ የሚያነሳ፣ አስመስሎ የሚያነሳ።

ቋንቋችን ራሱ እዚህ ላይ ተንኮለኛ ነው። «ልጁ አባቱን ይመስላል» ስንል ያየነውን እየመሰከርን ነው፤ «ዝናብ የሚመጣ ይመስላል» ስንል ግን እየገመትን። የስልክ ካሜራም በሁለቱ መካከል የሚኖር ፍጥረት ነው፤ ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል! ዓይኑ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። በዚያች ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ጥቂት ነው። ስለዚህ ስልኩ የጎደለውን በሐሳቡ ይሞላል። ቁልፏን አንዴ ስንነካት ብዙ ፎቶ በጥድፊያ ያነሳና አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባል። ጨለም ያለ ቦታ ሲያገኝ «ይሄ ጥላ መሆን አለበት» ይልና ያበራዋል። የደበዘዘ ጨርቅ ሲያይ «ይሄ ሲገዛ እንዲህ አልነበረም» ይልና ያደምቀዋል። ቆዳ ሲያይ ያለሰልሳል። እጃችን ላይ የሚደርሰው ፎቶ ግማሹ የታየ፣ ግማሹ የተገመተ ነው። ሁለት ካሜራ ማወዳደርም ሁለት ገማቾችን ማወዳደር ነው፤ አንዱ ደፋር ገማች፣ አንዱ ቁጥብ።

ሚዛን ይህን ሁሉ ከእኔ አብልጦ ያውቃል። ያወቀውን ግን ሱቁ ውስጥ ትቶ ወደ ቤቱ ገባ።

ቤቱ ውስጥ የአባቱ እግር ነበረ። አባቱ ዕድሜውን የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ አሁን መስኮት ሥር ካለው አልጋ ላይ ሆኖ የመንገዱን መኪና ሁሉ የሚተች ሰው ነው። «እዩት ይሄን! ፍሬን የሚይዘው በጸሎት ነው።» ስኳር በሽታ አለበት። ስኳር የቆየበት እግር ስሜቱ ይደነዝዛል፤ አዲስ ጫማ ትንሿን ጣቱን ሲፈገፍጋት ቢውልም አልተሰማውም። ያየችው የልጁ ሚስት ናት፤ ካልሲው ላይ ያለውን እድፍ አይታ።

የሰፈሩ ክሊኒክ ነርስ ቁስሉን አጠበች፣ መድኃኒት ሰጠች፣ እንዳይራመድ ከለከለች፣ «እኔ ጋ ለመምጣት ብለው እግርዎን አያድክሙ፤ ጠዋት ጠዋት ፎቶ ላኩልኝ» አለች። ከዚያ ወደ ሚዛን ዞረች።

«ቁስሉን ብቻ እንዳይመስልህ የማየው። ዙሪያውን ነው። እንደ እኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ብግነት ሁልጊዜ እንደ ቲማቲም አይቀላም። ይጠቁራል፣ ይወጠራል፣ ያብረቀርቃል። የዚያ የጠቆረው ጠርዝ ትናንት የት ነበር፣ ዛሬ የት ነው? እሱን ነው የምፈልገው።»

«እሺ ሲስተር። ለሱ ችግር የለም፤ ሥራዬ ነው» አላት። በቃሉም ተገኘ። ሚስቱ ቁስሉን ታጥባለች፣ እግሩን ከመስኮቱ ሥር አረንጓዴው አንሶላ ላይ ታሳርፋለች፣ እሱ በራሱ አሮጌ ስልክ ያነሳል። የስልክ አዋቂ ስልክ አሮጌ መሆኑ እንዳይገርማችሁ፤ የጫማ ሰፊም ጫማ እንደዚያው ነው። ጥጉ ተሰንጥቋል፣ ከሰዓት በኋላ ባትሪው ነፍሱ ይወጣል፣ ፎቶው ድብዝዝ ብሎ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ነርሷ ግን አነበበችው። «ጠርዙ ባለበት ነው» ትላለች። ወይም «ትንሽ ገፋ ብሏል፣ እንጠብቅ።»

አንድ ጠዋት ስልኩ ፎቶውን አልልክም አለ። ክቧ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች። ሚዛን ለሥራ ወጣ፤ ክቧ ገና ትዞራለች። ቀትር ላይ ነርሷ ደወለች። «ዛሬ ምነው ጠፋችሁ?» ሚዛን አፈረ። ሰው ስለ ፍጥነት የሚያማክረው እሱ፣ የገዛ አባቱን እግር ፎቶ እዚያው ሰፈር ማድረስ ተሳነው።

ሱቁ ያኔ የጥቁሩን ስልክ አዲስ ሞዴል አስገብቶ ነበር። ባለሱቁ እንደ ልማዱ አንዱን አውጥቶ ሰጠው። «ወስደህ ውሎውን እይልኝ።»

«ውሎ» የእነሱ ቃል ነው። ስልክ ባንኮኒ ላይ ሲታይ ሁሉም ጨዋ ነው፤ ጠባዩ የሚወጣው ሲኖሩበት ነው። ጠዋት ቻርጅ አድርገህ ስትወጣ እስከ ስንት ሰዓት ይዘልቃል? ታክሲ ውስጥ ተጨናንቀህ በአንድ እጅህ ስትጽፍ ጣትህ ይደርሳል? ኪስህ ውስጥ ይግላል? ይህን የሚነግርህ ወረቀት የለም። ሚዛን ስልኩን እንደ እንግዳ ቤቱ ወስዶ ያሳድረዋል፣ ያኖረዋል፣ ከዚያ ይፈርዳል። የሱቁ ደንበኞች በዚህ ፍርድ ነው የሚተማመኑት።

በማግስቱ ጠዋት ጥቁሩን ስልክ አንሶላው ላይ ወዳለው እግር አዞረና ቁልፏን ነካ። ሲልከውም ጣቱን ከስክሪኑ ሳያነሳ ፎቶው ነርሷ ጋ ደርሷል። ምን ዓይነት ፎቶ! የጣቱ ጥፍር፣ የፋሻው ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቁስሉ የጠራ፣ ዙሪያው ደግሞ ወጥ ጠይም፣ ሰላም ያለው ቆዳ።

«አባዬ፣ ይኸው እየው። እየዳንክ ነው።»

አባቱ መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑን ራቅ፣ ቀረብ አደረገው። «ይሄ እግር የኔ ነው? በወጣትነቴም እንዲህ ያለ እግር አልነበረኝም።»

ብዙ ሳይቆይ የነርሷ የድምፅ መልእክት መጣ። «በጣም ጥሩ! ጠርዙ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። በያዛችሁት ቀጥሉ።» ቤቱ በደስታ ተሞላ። በማግስቱም እንደዚያው፣ ከማግስቱ በኋላም እንደዚያው። ሚዛን ሱቅ ሲገባ ስለ ጥቁሩ ስልክ ተናግሮ አይጠግብም። «በካሜራውም በውሎውም! የአባቴን እግር ልኬበት…» ይላል፣ ሰውም ይገዛል።

አንድ ጠዋት አባቱ ነጠላ ጫማውን በጣቱ ሊያጠልቅ ሲታገል አገኘው።

«ምን ሆነ አባዬ?»

«ጠበበኝ።»

«ፋሻው ወፍሮ ነው።»

«ይሆናል። ብቻ ልጄ፣ ፎቶው ድኗል። ወሬው እግሬ ጋ ገና አልደረሰም።»

ሚዛን ሳቀ። አባቱም ሳቀ። ሚስቱ ግን ከማጠቢያው ሳህን ቀና ብላ «እኔም ትናንት ስጠርግላቸው እግራቸው ሞቅ አለኝ» አለች። ሚዛን ስልኩን አወጣና ለነርሷ ከተላኩት ፎቶዎች የመጀመሪያውን ቀን፣ ከዚያም የዛሬውን አሳያት። የመጀመሪያው ቀን ፎቶ በአሮጌው ስልክ የተነሳ ነው፤ ጠቋቁሯል። የዛሬው የጥቁሩ ነው፤ ጠርቷል። «በዓይንሽ እያየሽ!» አላት። እሷም አየች። ፎቶ ካለ፣ እጅ ምን ይከራከራል?

አንባቢ እዚህ ላይ «ኧረ እግሩ እኮ ፊታቸው ነው፣ ዓይናቸው የት ሄደ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልሱም አስገራሚ ነው። ዓይን ዛሬን እንጂ ትናንትን አይዝም። በቀስታ የሚለወጥ ነገር፣ የልጅ ቁመት ይሁን የግድግዳ ቀለም፣ አብሮት ለሚኖር ሰው አይታየውም፤ ከርሞ የመጣ እንግዳ ነው «እንዴት አደገ!» የሚለው። እነሱ ትናንትን እንዲይዝላቸው አደራ የሰጡት ለስልኩ ነበር። ስለዚህ እግሩን ያዩ ነበር፣ ለውጡን ግን የሚጠይቁት ፎቶውን ነው።

ነገሩን የፈታው አንሶላው ነው። በዕረፍት ቀን ነበር። ሚስቱ ውሃው እስኪሞቅ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ በጥቁሩ ስልክ የተነሱትን ፎቶዎች አንድ በአንድ ታሳልፋለች።

«አንተ፣ ይሄ የማን አንሶላ ነው?» አለችው።

«የኛ ነዋ።»

«የኛ? የኛ እኮ በእጥበት ብዛት ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይሄ የጎመን ማሳ ይመስላል። ስገዛው እንኳ እንዲህ አረንጓዴ አልነበረም።»

ሚዛን ሳቀባት። የሚያውቀው ነገር ስለተጠየቀ ደስ ብሎት እንደ ደንበኛ ያስረዳት ጀመር። «እሱ ልማዱ ነው፤ ደብዛዛ ጨርቅ ሲያይ ያደምቃል። ጨለም ያለ ሲያይ ደግሞ ጥላ ይመስለውና…»

ዓይኑ ከስክሪኑ ወደ አባቱ እግር ዞረ።

ሚስቱ ቀና አለች። «ይመስለውና? ምን?»

 ተነስቶ አሮጌውን ስልክ ፈለገ፣ ቻርጅ ላይ ሰካው፣ እስኪነሳ ጠበቀው። የስልኩ መክፈቻ አርማ እንደዚያን ቀን ዘግይቶበት አያውቅም። እንጨቷ ሱቅ ናት። ሁለት የሽሮፕ ጠርሙሶች መስኮቱ ደፍ ላይ አቆመና ስልኮቹን አስደገፋቸው። አባቱ ፋሻው የተፈታለትን እግሩን አንሶላው ላይ ዘርግቶ ይህን ሁሉ ያያል።

«ሰርግ አለ እንዴ? በሁለት ካሜራ!»

«አትነቃነቅ አባዬ።»

ሁለቱንም ነካ። ጎን ለጎን ያዛቸው። በጥቁሩ ስልክ ጎመን የመሰለ አንሶላ ላይ ወጥ ጠይም እግር ተኝቷል። በአሮጌው ድብዝዝ ያለ፣ አሸዋ የተነሰነሰበት እግር፤ ጠርዙም ጣቱን ለቆ፣ የእግሩን ጀርባ ተሻግሮ፣ ወደ ቁርጭምጭሚቱ የሚወጣ ጥቁር ወይን ጠጅ። ሚዛን ሁለቱንም ስልኮች አስቀመጣቸውና መጋረጃውን እስከ ጥግ ገልጦ እግሩ ላይ ጎነበሰ። እግሩ አሮጌውን ስልክ ይመስላል።

ጥፋቱን ለማየት አዋቂ መሆን አያስፈልግም፤ ለመሥራት ግን አዋቂ መሆን ሳያስፈልግ አይቀርም። ሌላ ሰው ቢሆን በአሮጌው ስልኩ እየተማረረ ይቀጥል ነበር። መጥፎ ካሜራ ቢሆንም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መጥፎ ነውና፣ የትናንቱ ድብዝዝ ከዛሬው ድብዝዝ ጋር ይነጻጸራል። ሚዛን ግን ለአባቱ የተሻለውን ፈለገ፤ እግሩም ስልኩም በአንድ ላይ ተለወጡ። ያቺን አንዲት ሕጉን ለደንበኛ ሁሉ ሲሰብክ ኖሮ፣ በገዛ ቤቱ፣ ከሁሉ በሚወደው ሰው እግር ላይ ሻራት።

ታክሲ ጠሩ። ነርሷ ፋሻውን ገና ስትፈታው ፊቷ ተለወጠ። በእጇ ጀርባ ነካችው። «ምነው እስከዚህ?» አለች፤ ወዲያው ግን «በያዛችሁት ቀጥሉ» ያለችው ራሷ መሆኗ ትዝ ብሏት ይሆናል። ስልኳን አወጣችና የተላኩላትን ፎቶዎች በተራ አሳለፈች። በሁለት ጠዋቶች ፎቶ መካከል ጣቷ ቆመ።

«እዚህ ጋ ምን ተፈጠረ?»

«ስልክ ቀየርኩ» አላት ሚዛን።

«ለምን?»

«የተሻለ ካሜራ ስለሆነ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቆይታም፣ ለእሱ ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር፣ «እኔ ደግሞ መድኃኒቱ የሠራ መስሎኝ» አለች።

ከዚያ ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣችና የጠቆረውን ጠርዝ ተከትላ እግሩ ላይ ዙሪያውን መስመር ሳበች። ይህ የቆየ ዘዴ ነው፤ ስሰማው እንዴት ያለ ብልሃት ነው አልኩ! ቀለሙ ቆዳው ላይ ነው፤ የሚያደምቀውም የሚያበራውም የለም። ጠርዙ መስመሩን ካለፈ አለፈ፣ ካላለፈ አላለፈም።

አባቱ አንገቱን አስግጎ መስመሩን አየው። «ያልተቆራረጠ መስመር ነው። ማለፍ ክልክል ነው ማለት ነው?»

«አዎ አባባ፣ ክልክል ነው።»

«እንግዲህ ሲስተር፣ እግሬ መንጃ ፈቃድ የለውም።»

እሷ ፈገግ ለማለት ሞከረች። እዚያው ሆና ወደ ሆስፒታል ደወለች። እነሱ ሆስፒታሉ በር ሳይደርሱ፣ ታክሲው ውስጥ፣ ሚስቱ ጎንበስ ብላ አየችና የባሏን እጅ ያዘች። መስመሩ ታልፏል።

ቀዶ ሐኪሙ ቁጥብ ሰው ነበር። ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ መውጣት አለባቸው አለ። የቀረው እግር የሚተርፍ ከሆነ በሚቀጥሉት ሳምንታት ይታወቃል፤ ካልሆነ ከፍ ብሎ ይቆረጣል። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ…» ብሎ ጀመረና የሚዛንን ፊት ሲያይ ዓረፍተ ነገሩን ተወው። ሳይጨረስ የቀረው ዓረፍተ ነገር ግን ከተጨረሰው ይልቅ አብሮት ይኖራል።

አባቱ ሁለት ጣት ጎድሎት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ፎቶ መላክ ቀረ፤ ነርሷ ራሷ መጥታ ታያለች፣ ባልመጣችበት ጠዋት ደግሞ የሚዛን ሚስት እስክሪብቶውን ይዛ የደበዘዘውን መስመር ታድሳለች።

ሚዛን ሱቅ መግባቱን አላቋረጠም። ሰው መጥቶ «ከሁለቱ የቱ ይሻላል?» ሲለው «ለምን ጉዳይ?» ይላል፤ ደንበኛው ጉዳዩን ሲነግረው ግን ስልኮቹን ያገላብጣል እንጂ አይፈርድም። ባለሱቁ መጀመሪያ ታገሠው፣ ከዚያ «ሚዛኑ ዛገ እንዴ?» አለው። ልብስ ሰፊዋ ከማዶ ሆና «ተወው፣ እቤቱ በሽተኛ አለ» አለች፤ በዚያ ቀን ፎቶ እንዲያነሳት አልጠየቃትም፣ እሷም አላሾፈችበትም።

ሱቁስ ይሁን። የሚከብደው ጠዋቱ ነው። አባቱ አልተቆጣውም፣ አልወቀሰውም። እንደ ድሮው ይቀልድለታል፣ ሻይ ይጋብዘዋል፣ የመንገዱን ሾፌሮች አብሮት ያማል። ፋሻው የሚፈታበት ሰዓት ሲደርስ ግን ምራቱን ይጠራል። «ነይ ልጄ፣ አንቺ እይልኝ። እሱን ተዪው፣ ሥራ ይረፍድበታል።» ሥራ አልረፈደበትም። ሚዛን ከክፍሉ ውጭ፣ ከበሩ አጠገብ፣ አንድ እግሩን ጫማ አግብቶ ሌላውን በካልሲ እንደቆመ ይጠብቃል። ሳህኑ ሲንኳኳ ይሰማል፣ ፋሻ ሲቀደድ ይሰማል። ከዚያ መስመሩን የምታይበት ጊዜ ነው።

በቀደም ጠዋትም እንዲሁ ቆሟል። ሚስቱ እስክሪብቶውን ይዛ ወጣች።

«እ?» አላት።

«ያው ነው።»

«ያው ማለት? ከመስመሩ አልወጣም?»

«አልወጣም።»

«ወደ ውስጥስ? አልሸሸም?»

«አልሸሸም። ያው ነው አልኩህ እኮ።»

ከሁለት ነገር የቱ እንደሚበልጥ እየፈረደ እንጀራውን የበላ ሰው «ያው ነው» ለሚባል ነገር ፍርድ የለውም። መልካም ነው? ክፉ ነው? ነርሷም ብትጠየቅ «ገና ነው፣ እናያለን» ከማለት አታልፍም። 

ከውስጥ የአባቱ ድምፅ መጣ። «በሩ ላይ የቆመው ማነው? ተሳፋሪ ከሆነ ሞልቷል በሉት!»

ሚስቱ ሳቀች። ሚዛን አልሳቀም። «ረዳት ነኝ» አለ።

 መንገዱ ላይ አንድ ከባድ መኪና አለፈ፤ አባቱ አልተቸውም።

«ረዳትማ ቦታው በር ላይ ነው» አለ አባቱ።

ግባ ማለቱ ይሁን እዚያው ቁም ማለቱ፣ ሚዛን አላወቀም። ሁለተኛውን ጫማ ሳያጠልቅ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።